ለቤኪ ያገኘሁለት ጨዋታ

እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲጀመር ሰዓቴን የማይ ሰው ነኝ። መምህራን ማረፊያ ውስጥ አንዷ ባልደረባችን የሞተ አጎቷ ሌሊት መጥቶ በር እንዳንኳኳ ስትተርክ፣ ሌላው ሁሉ አፉን ከፍቶ ሲሰማ፣ ፈተና እያረምኩ "ድመት ይሆናል" ብዬ ወሬዋን ያበላሸሁባት እኔ ነኝ፣ እስከ ዛሬ ቂም ይዛብኛለች። ወልቂጤ ውስጥ ኮምፒውተር አስተምራለሁ፣ ሥራዬ ራሱ ላልገባኝ ነገር ምክንያት መፈለግ ነው፣ ማሽን እንቢ ሲል ገመዱን አያለሁ፣ ገመዱ ደህና ከሆነ ሶኬቱን አያለሁ፣ ሰይጣን ነው ብዬ አላውቅም። አሁን የማወራችሁን ነገር ከሌላ ሰው ብሰማው ኖሮ አላምንም ነበር፣ እናንተም ባታምኑኝ አልቀየምም፣ ደክሞኛል፣ የመከራከር አቅምም የለኝም፣ ግን ለሆነ ሰው መናገር አለብኝ።

ቤኪ ታናሽ ወንድሜ ነው። ስሙ በረከት ነው፣ ቡታጅራ ከእናታችን ጋር ይኖራል፣ በርና መስኮት የሚበይድባት ትንሽ ወርክሾፕ አለችው። ክረምቱ ሳይገባ፣ ሲሠራው የነበረ የግቢ በር ተንሸራቶ እግሩ ላይ ወደቀ። የእኛን አገር ሰው ታውቁታላችሁ፣ አጥንት ከተሰበረ ከሐኪም በፊት ወጌሻ ነው፣ ወጌሻውም እጁ የተመሰገነ ሽማግሌ ነበር፣ ስንቱን አቃንቶ በእግሩ አስኪዷል፣ የቤኪ ስብራት ግን ቁስል ነበረው፣ ከታሰረ በኋላ ከውስጥ መግል ያዘ። ሐኪም ዘንድ ስንደርስ የተነገረን አጭር ነው፣ ተከፍቶ ይጸዳል፣ ብረት ይገባለታል፣ ካልሆነ መመረዙ ወደ ላይ ይወጣና እግሩ ይቆረጣል፣ ከዚያም ከዘገየ እሱን ራሱን እናጣዋለን።

ቤኪ እንቢ አለ። አባታችን ከዓመታት በፊት ቀላል ነው ለተባለ ቀዶ ጥገና በእግሩ ሄዶ ገብቶ ተሸክመነው ነው የወጣነው፣ ያኔ ቤኪ ልጅ ነበር፣ የአባባን ጫማ ይዞ ኮሪደር ላይ ሲጠብቀው ነበር። "አባባ የገባበት በር አልገባም" አለ፣ በቃ። እናቴ አለቀሰች፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች መጥተው ጸለዩ፣ መከሩ፣ አክስቶቻችን ከእንሴኖ መጥተው ተቆጡት፣ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እኔን የጨነቀኝ ዝምታው ነበር። በየቀኑ እደውላለሁ፣ "ደህና ነኝ" ይላል፣ ይዘጋል። ወልቂጤና ቡታጅራ ካርታ ላይ ስታዩአቸው ጎን ለጎን ናቸው፣ መሐላቸው ግን ተራራ አለ፣ መንገዱም ለወገብ አይራራም፣ ከሥራ እየወጣሁ የምመላለስበት አይደለም። አንድ ቀን ታዲያ ሊዘጋ ሲል፣ "እቴቴ፣ እንደ ድሮው አብረን የምንጫወተው ጌም ብትፈልጊልኝ" አለኝ። እቴቴ ነው የሚለኝ፣ ታላቁ ስለሆንኩ። ልጆች ሳለን መናኸሪያው አጠገብ አንድ ኮምፒውተር ቤት ነበር፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ሰው መርጠን፣ ስም አውጥተን ጫካ ለጫካ እንዞር ነበር፣ እሱ ይዋጋል፣ እኔ ሲቆስል አክመዋለሁ። ከታመመ ጀምሮ የጠየቀኝ የመጀመሪያ ነገር ይህ ነው፣ ዓይንሽን ስጪኝ ቢለኝም እሺ እለው ነበር። ሐሳቤ ደግሞ ግልጽ ነው፣ ከተጫወትን ማውራት ይለምዳል፣ ማውራት ከለመደ የእግሩን ነገር አነሳለታለሁ፣ ሐኪሙ የሰጠን ጊዜም እያለቀ ነበር።

ችግሩ ሊኑክስ ነው። ለማታውቁት፣ ብዙ ሰው ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ዊንዶውስ ነው፣ ሊኑክስ ደግሞ የእሱ ተቀናቃኝ፣ ነፃ የሆነው፣ ለአሮጌ ማሽን የሚራራው ነው። የእኔም የቤኪም ላፕቶፕ ዕድሜያቸው የገፋ ነው፣ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ በሚዞረው ቫይረስ ተበልተው ሊጣሉ ሲሉ ሊኑክስ ጭኜ ያተረፍኳቸው እኔ ነኝ፣ ስኮራበት ኖሬአለሁ፣ ጌም ፍለጋ ስገባ ግን ኩራቴ በአፍንጫዬ ወጣ።

ሰዎች ኦንላይን ተገናኝተው፣ እያንዳንዱ የመረጠውን ሰው ሆኖ የሚኖርበት ጨዋታ ሞልቷል፣ ሊኑክስ ላይ በደንብ የሚሠራ ፈልጉ እስኪ። አንዱ "እኔ ጋ ያለ ምንም ችግር ይሠራል" ብሎ ይጽፋል፣ አምኜው ሳወርድ አድራለሁ፣ ጠዋት ስከፍተው ጥቁር ስክሪን ነው። ሌላው ይከፈታል፣ ሙዚቃው ይሰማል፣ ሰዎቹ ጭንቅላት የላቸውም። ሌላው ደግሞ ሁሉ ነገር አምሮለት፣ ስሜን አስገብቼ ልገባ ስል፣ አጭበርባሪ እንዲይዝ የተቀመጠው ጥበቃው ሊኑክሱን አይቶ ሌባ ነሽ ብሎ አባረረኝ፣ በዕድሜዬ ሌባ ተብዬ አላውቅም። የእኔ ላይ ሲሠራ የቤኪ ላይ አይነሳም፣ የቤኪን በስልክ "ይህን ጻፍ፣ አሁን ኢንተር በለው" እያልኩ ሳስተካክል የእኔው ይሞታል። ክፍል ውስጥ ቾክ እንደያዝኩ ዓይኔ ይከደናል። እናቴ ከስልኩ ጀርባ "ይቺ ልጅ የምትፈልግለት መድኃኒት ነው ወይስ ጨዋታ?" ስትል ይሰማኛል፣ እውነቱን ለመናገር ለእኔም ተምታቶብኝ ነበር።

ያገኘሁት ተስፋ ከቆረጥኩ በኋላ ነው። ስሙን አልነግራችሁም፣ ፈልጋችሁ እንድትገቡበት አልፈልግም። በጎ ፈቃደኞች ለሊኑክስ ብለው የሠሩት ትንሽ ጨዋታ ነው፣ ሻይ ጠጥቼ ሳልጨርስ ወረደ፣ ሁለቱም ላፕቶፕ ላይ እንደ ቅቤ ሄደ። ሜዳ አለው፣ ወንዝ አለው፣ እዚህም እዚያም የሚነድ እሳት አለ፣ ሰው ግን የለበትም። ጥግ ላይ አሁን ስንት ተጫዋች እንዳለ የሚያሳይ ቁጥር አለ፣ ሁልጊዜ ሁለት ነው የሚለው፣ እኔና ቤኪ። በአማርኛ ይጻፍበታል፣ የጻፋችሁት ከራሳችሁ በላይ ብቅ ይልና ይጠፋል፣ የትም አይቀመጥም። እኔ ቢጫ ሻሽ ያሰረች ሴት መረጥኩ፣ ስሟንም እቴቴ አልኳት፣ ቤኪ አንድ ረጅም ልጅ መረጠ። የመጀመሪያ ቀን እንደገባን ሰላም እንኳ ሳይለኝ ሮጠ። ሜዳውን ወዲያ ሮጦ ወዲህ ሮጦ፣ ወንዙን ዘሎ፣ ተመልሶ እንደገና ዘሎ፣ ዝም ብሎ ሮጠ፣ እኔ ወልቂጤ ስክሪኑ ፊት ተቀምጬ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ መገናኘት ጀመርን። ማውራት ጀመረ፣ መቀለድም ጀመረ፣ ግን እግሩን ባነሳሁ ቁጥር ጨዋታው ውስጥ ያለው ልጅ ፊቱን አዙሮ ይሮጥና ከማላየው ቦታ ይደርሳል። እናቴ ደግሞ ስልኩን ይዛ ጓሮ እየወጣች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ቁስሉ መሽተት ጀምሯል" ትለኛለች።

እንግዲህ ቀኑ ይኸውላችሁ። ሌሊት አልነበረም፣ ቅዳሜ ነው፣ ቀን ነው፣ ውጭ ባጃጅ ይጮኻል፣ ጎረቤቴ ምንጣፍ ታራግፋለች። እናቴ ቡታጅራ ምሳ እያቀረበች ስለነበር ቤኪ ስልኩን ዘግቶ በጽሑፍ ብቻ ነበር የምናወራው። ጆሮ ማዳመጫ አድርጌ ነበር፣ በሣሩ ላይ ስትሄዱ ኮሽ ኮሽ የሚል ድምፅ አለው፣ ደስ ይላል፣ ቆም ስል ግን ድምፁ አልቆመም። ሁለት ሦስት እርምጃ ቀጠለና፣ አጠገቤ የደረሰ ሰው እንደሚቆም አድርጎ ቆመ። ዞር ብዬ አየሁ፣ ማለቴ ሴትዮዋን አዞርኳት፣ ምንም የለም። ኔትወርክ ዘግይቶ ይሆናል አልኩ።

ቤኪ ጻፈ። "ከኋላሽ ያለችው ማናት?"

"የታለች?" አልኩት።

"ከኋላሽ ነቻ። ቢጫ ሻሽ ያሰረች። አንቺኑ ትመስላለች።"

ቁጥሩን አየሁ፣ ሁለት ነው የሚለው። እኔ መምህርት አይደለሁ፣ ማስረዳት ጀመርኩ፣ ኔትወርክ ሲዘገይ ሰርቨሩ ቅድም የነበርኩበትን ቦታ ደግሞ ያሳያል፣ ጥላዬ ነው በለው አልኩት። "ጥላሽ እጇን ትከሻሽ ላይ አድርጋለች" አለኝ። እሱ በእኔ መቀለድ ይወዳል፣ ብዙም አልደነገጥኩም። ወደ እሳቱ ሄድን። እዚያ ስንደርስ "እቴቴ፣ እንዴት ተቀመጥሽ? ለእኔም አሳዪኝ" ብሎ ጻፈ። በእኔ ስክሪን ላይ ሴትዮዋ ቆማለች፣ እሱም ቆሟል። በዚያ ጨዋታ ውስጥ፣ እመኑኝ፣ መቀመጥ የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉንም ቁልፍ ሞክሬዋለሁ። ቆሜያለሁ ብዬ ጻፍኩለት። በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ እሳቱ ይንጣጣል፣ ከእሳቱ ድምፅ ሥር ደግሞ አንድ ሰው ደክሞት ሲቀመጥ የሚያወጣት ትንፋሽ አለች አይደል፣ እሷን የመሰለ ነገር ሰማሁ፣ እኔ እሆን እንዴ ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ።

ከዚያ በላይ መጠበቅ አልቻልኩም። ፈርቼም ይሁን ታክቶኝ፣ የቀረበልኝን ቃል ነው የጻፍኩት፣ "ቤኪ፣ ስለ እግርህ ዛሬ ትሰማኛለህ፣ አትሂድብኝ" አልኩት። አልሮጠም። ለመጀመሪያ ጊዜ አልሮጠም፣ "እሺ፣ ንገሪኝ" አለ። ጣቴን ቁልፉ ላይ ሳሳርፍ መብራት ሄደ።

የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፣ መብራት ሲሄድ አብሮ ነው የሚሄደው። እኛ ሰፈር ደግሞ መብራት ከሄደ የስልኩም ኔትወርክ ብዙም አይቆይም። ሞከርኩ፣ ሞከርኩ፣ እንቢ አለ። ተናደድኩ፣ ስንት ሳምንት ደክሜ፣ እሺ ንገሪኝ ባለኝ ሰዓት መብራት እንዲህ ያደርገኛል? ከዚያ ንዴቱም አለቀብኝ፣ የተዘፈዘፈ ልብስ ነበረኝ፣ ወጥቼ አጠብኩ፣ ከጎረቤቴ ጋር ስለ ውሃ መጥፋት አወራን፣ ገብቼ ጋደም አልኩ። መብራቱ የመጣው ሊመሽ ሲል ነው፣ እንደመጣ ደወልኩ።

"ውይ እቴቴ፣ አሁን ከጌሙ ወጥተሽ? ምን ረሳሽ?" አለኝ። ድምፁ ተለውጧል፣ ብዙ ያለቀሰ ሰው ድምፅ ነው፣ ግን ቀሎታል።

"ቤኪ፣ መብራት እኮ..." ልለው ስል አላስጨረሰኝም።

"እሺ ብያለሁ አልኩሽ አይደል? ሐሳቤን አልቀይርም። ሰኞ ለሐኪሙ ደውዪለት።"

አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። እናቴ ስልኩን ተቀበለችው። "እግዚአብሔር ይባርክሽ ልጄ" አለች፣ "ከሰዓቱን ሙሉ እኮ አልተለየሽውም። ሻይ ላቀብለው ስገባ አየኋችሁ፣ እሳት ዳር ቁጭ ብላችሁ፣ እሱ እንባውን ያብሳል፣ አንቺ ትጽፊያለሽ።" ያጠብኩት ልብስ በመስኮቱ ይታየኛል፣ ገመዱ ላይ ገና ውሃ ያንጠባጥባል። አሜን አልኳት፣ ሌላ ምን እላለሁ።

ስዘጋ ጨዋታውን ከፈትኩት። እቴቴ እሳቱ ዳር ተቀምጣለች። ቁልፉን ነካሁት፣ ተነሳች፣ ግን እንደ ሌላ ጊዜ አይደለም፣ እጇን መሬት ላይ ተደግፋ፣ ጉልበቷን እንደሚያማት ሴት ቀስ ብላ ተነሳች። ቁጥሩ አንድ ይላል። ዘጋሁት፣ ከዚያም ወዲህ አልከፈትኩትም።

ምክንያት አልፈለግሽም ወይ ትሉኛላችሁ። ፈልጌአለሁ እንጂ። የይለፍ ቃሌን ሰው ሰርቆ ነው እንበል፣ ያ ሌባ ቤኪን ቤኪ ብሎ የሚጠራ፣ የአባባን ነገር የሚያውቅ፣ በአማርኛ የሚጽፍ፣ ሰው በማይገባበት ጨዋታ መብራት እስኪሄድብኝ ድረስ የሚጠብቅ መሆን አለበት። ሠሪዎቹን ጽፌ ጠየቅኳቸው፣ ሰውን የሚያስቀምጠው ቁልፍ የትኛው ነው ብዬ። መቀመጥን ገና አልሠራነውም፣ ወደፊት እናስብበታለን ብለው መለሱልኝ።

ለቤኪ አልነገርኩትም። ብነግረው እሺ ያለውን ይተወዋል፣ ይህን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ሐኪሙ ዘንድ ደወልኩ፣ ቀን ተሰጠን፣ እኔም ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ። የገባበት ጠዋት ተሽከርካሪው አልጋ ላይ ተኝቶ እጄን ያዘ። ነርሷ ልትገፋው ስትል "አንዴ" አላትና ወደ እኔ ዞረ።

"ያልሽኝን አትረሺም አይደል?"

"ምኑን?" ማለት ፈልጌ ነበር፣ ግን ዓይኑን አየሁት። ኮሪደሩ ላይ ጫማ ይዞ የቆመው ልጅ ዓይን ነው።

"ሌላ ሰው ቢምልልኝ እኮ ከአልጋዬ አልነሳም ነበር" አለኝ። "አንቺ ግን ምለሽ አታውቂም። የአባባ አጥንት ይፋረደኝ ስትዪኝ ነው በቃ ያልኩት።"

እኛ ቤት መሐላ የለም። ጴንጤ ቤት እንዲህ ነው፣ አዎ ካልን አዎ፣ አይ ካልን አይ ነው፣ ልጆች ሳለን ከጎረቤት ሰምተን "እናቴ ትሙት" ያልን ቀን ምሳችንን እናጣ ነበር። ልብ ብላችሁ ከሆነ እስካሁን እናንተንም እመኑኝ አልኩ እንጂ አልማልኩላችሁም፣ አፌ አይሄድልኝም። ያቺ ግን፣ እሳት ዳር የተቀመጠችው፣ በስሜ፣ በአባቴ አጥንት ማለች። ምን አደርግልሃለሁ ብላ እንደማለች አላውቅም። ነርሷ ትጠብቃለች፣ ቤኪ እጄን አለቀቀም፣ ካልመለስኩለት ከዚያ አልጋ ይወርዳል።

"አልረሳም" አልኩት። ለቀቀኝ፣ ገባ።

ወጣ። ዳነ፣ ክብሩ ለእግዚአብሔር ይሁን፣ ዛሬ ያለ ምርኩዝ ይሄዳል፣ ወርክሾፑን ከፍቷል። ካሁን በኋላማ ንገሪው ትሉኝ ይሆናል። ስንት ጊዜ ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀምጬዋለሁ። ያ ብረት ገና ከእግሩ አልወጣም፣ እሱን ለማስወጣት ቤኪ እንደገና ቀዶ ጥገና መግባት አለበት፣ አንደኛ። ሁለተኛ፣ እኔ አልነበርኩም ካልኩት ታዲያ ማን ነበረች ይለኛል። ዙሪያውን ሄጄ ላወጣጣው ሞክሬአለሁ። "የዚያን ቀን ብዙ አወራን አይደል፣ እኔ ደግሞ ስለፈልፍ ያልኩትን እረሳለሁ" አልኩት እየሳቅኩ። እሱም ሳቀ። "ያንን ግን አትረሺውም" አለኝ፣ "ጊዜው ሲደርስ እኔ እደውልልሻለሁ፣ እንደዚያ አይደል የተባባልነው?" አዎ አልኩት። እናቴን ጠየቅኳት፣ እሷ ፊደሉ ከሩቅ አይታያትም፣ ሁለታችንን ብቻ ነው ያየችው። ስልኬ በጮኸ ቁጥር መጀመሪያ ስሙን አያለሁ፣ የገዛ ወንድሜን ስልክ ፈራሁ፣ ስናወራም ስለ ሥራ፣ ስለ ዝናብ እያልኩ ቶሎ ቶሎ እዘጋለሁ።

ዛሬ ከሰዓት ደወለ። ሰላምታውን አላራዘመም።

"እቴቴ፣ ጊዜው ደርሷል" አለኝ። ድምፁ ደስተኛ ነው፣ ትንሽ ይንቀጠቀጣል።

"እርግጠኛ ነህ?" ብቻ ነው ያልኩት።

"አዎ። ልክ እንዳልሽው ሆኗል፣ አንድም አልቀረም። ለእማም አልነገርኳት፣ አትንገራት ስላልሽኝ። ነገ ድረሺ፣ እጠብቅሻለሁ።"

እሺ አልኩት። ቦርሳዬን አውጥቼ አልጋው ላይ ካስቀመጥኩት ቆየሁ፣ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ልሄድ ነው። ምን ይዤ ልምጣ ብዬ ልጠይቀው ነበር፣ ግን እሱ ሁሉን የማውቅ ነው የሚመስለው።